ከጐጀብ ማዶ የነበረው መንግሥት

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ሰው ሸቤን ካለፈ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርድና ከጐጀብ ወንዝ ያደርሰዋል። ዛሬ ድልድይ ስላለ መኪናው እምብዛም ሳይቆም ይሻገራል፤ ተሳፋሪውም እንቅልፉን ወይም ወሬውን ሳያቋርጥ ከወዲያኛው ዳር ራሱን ያገኘዋል። ነገር ግን የዛሬ መቶ ሠላሳ ዓመት ግድም ይህን ወንዝ መሻገር እንዲህ ቀላል አልነበረም። ጐጀብ የሁለት መንግሥታት ድንበር ነበረ። ከወዲህ የጅማ ንጉሥ፥ ከወዲያ ደግሞ የካፋ ንጉሥ ይገዙ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለው ነጋዴ ሳይፈቀድለት አይገባም፤ ከገባም በኋላ እንደ ልቡ አይዘዋወርም።

ስለዚህ ወንዝ የካፋ ሽማግሌዎች ሲተርኩት የኖሩት አንድ ነገር አለ። የካፋ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው ወደ ሸዋ ሲወሰዱ፥ ከጐጀብ በደረሱ ጊዜ የወርቅ ቀለበታቸውን ከጣታቸው አውልቀው ወደ ውሃው ወረወሩት ይባላል። ከእኔ በኋላ የካፋ ንጉሥ የለም ማለታቸው ነበር ብለው ታሪኩን የሚያወርሱት ሰዎች ይፈቱታል። ነገሩ በእርግጥ ሆኖ እንደሆነ የሚያውቀው ወንዙ ብቻ ነው። ሆኖም ሕዝቡ ይህን ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ከአፉ ሳይለይ መጠበቁ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል።

ለመሆኑ አንድ አገር በጦር ኃይል ተሸንፎ ነጻነቱን ሲያጣ የሚጠፋው ምን ምን ነው? ንጉሡ ነውን? ዘውዱ ነውን? ወይስ ከንጉሡም ከዘውዱም የበለጠ ሌላ ነገር አለ? የጠፋውስ የሚመለስ ከሆነ በምን መንገድ ይመለሳል? የካፋ ታሪክ ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ ትምህርት የሚሰጥ ስለሆነ ዛሬ ከአንባብያን ጋር ጥቂት ልናሰላስለው ወደድን።

መንግሥቱ እንዴት ያለ ነበር?

የካፋ መንግሥት መቼ እንደ ተመሠረተ የሚናገረው የአገሩ የቃል ታሪክ ነው። በዚህ ታሪክ መሠረት ሚንጆ የተባለው ነገድ በ14ኛው መቶ ዓመት ግድም ሥልጣን ይዞ ከዚያ በኋላ ዙፋኑ ከዚሁ ቤት አልወጣም። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል። ይሁን እንጂ ታቶው ብቻውን እንደ ፈቀደው የሚያዝና የሚያናዝዝ አልነበረም። ሚክረቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩት። የጦርና የሰላም ነገር፥ የአገር ጉዳይ ሁሉ ከእነርሱ ጋር ይመከር ነበር፤ ንጉሥ ሲሞትም ተተኪውን በመምረጥ በኩል ድምፃቸው ከባድ ነበር። ቦንጋና አንደራቻ የመንግሥቱ ታላላቅ መቀመጫዎች ሆነው ኖረዋል።

ካፋ ተራራማና ደን የለበሰ አገር ነው። ዝናቡ ብዙ ነው፤ ጉሙ ከማለዳ እስከ ረፋድ ከሸለቆው አይነሣም። ሕዝቡ እንሰት ተክሎ፥ ከየዛፉ ላይ ቀፎ ሰቅሎ፥ ከጫካው ቡና ለቅሞ ይኖራል። ይህን አገር የሚጠብቀው ደኑ ብቻ አልነበረም። በድንበሩ ላይ ጥልቅ ጉድባ ተቈፍሮ፥ ከጉድባው ወዲያ አጥር ታጥሮ፥ መግቢያው በተወሰኑ በሮች ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። እነዚህን የአገር በሮች ሌትና ቀን የሚጠብቁት ማንጆ የሚባሉት ሰዎች ነበሩ። ስለ እነርሱ በኋላ እንመለሳለን።

ከበሮቹ ወደ ውጭ የሚወጣው የንግድ ዕቃ ቡና፥ ማር፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ነበር። ባሪያም ነበረበት። ይህን ሳያነሡ ማለፍ ታሪክን መሸፈን ይሆናል። ካፋ ነጻ በነበረበት ዘመን ሁሉም ካፋዊ ነጻ አልነበረም፤ እንደ ጎረቤቶቹ መንግሥታት ሁሉ የካፋ ባላባትም በባሪያ ጉልበት ያርስ፥ ባሪያም ይሸጥ ነበር።

ከአውሮፓ የመጡ ጥቂት ሰዎች ይህን መንግሥት በነጻነቱ ዘመን አይተውታል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1843 ቦንጋ ደርሶ ነበር። ከእርሱ በኋላ አባ ማስያስ የሚባሉት የካቶሊክ ጳጳስ እስከ 1861 ድረስ ሁለት ዓመት ያህል በካፋ ተቀምጠው በመጨረሻ ከአገሩ ተባርረዋል። እንግዲህ ካፋ እንግዳን የሚቀበለውም የሚያሰናብተውም በገዛ ፈቃዱ ነበር ማለት ነው። ለአንድ አገር ነጻነት ከዚህ የበለጠ ምልክት አይገኝም።

ጦሩ የመጣበት ምክንያት

የካፋን ሀብት ሁሉም ሰምቶት ስለ ነበር የሚመኘውም ብዙ ነበር። በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የጎጃሙን ራስ አዳልን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው ሲያነግሡአቸው የሰጧቸው ማዕረግ «የጎጃምና የካፋ ንጉሥ» የሚል ነበር። የጎጃም ጦርም ዐባይን ተሻግሮ እስከ ካፋ ድረስ ዘልቋል። ነገር ግን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ይህን የደቡብ ንግድ ለጎጃም ሊለቁለት አልወደዱም። ሁለቱ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ተዋግተው ድሉ የምኒልክ ሆነ። ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚያስኬደው በር ለሸዋ ተከፈተ።

በዚያ ዘመን ከአንድ ትንሽ መንግሥት ፊት የቀረበው ምርጫ ሁለት ነበር። አንደኛው መገበር ነው። የጅማው አባ ጅፋር ይህን መንገድ መረጡ። በ1876 ዓ.ም. ለምኒልክ ገበሩ፤ ስለዚህም አገራቸው አልተዘረፈም፥ ቤተ መንግሥታቸው አልተቃጠለም፥ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ግድም በገዛ አገራቸው ላይ ገዢ ሆነው ኖሩ። ዛሬም ጅማ የሚሄድ ሰው በጅሬን ኰረብታ ላይ ቤታቸውን ቆሞ ያየዋል። ሁለተኛው መንገድ መዋጋት ነው። የወላይታው ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ይህን መርጠው አገራቸው በብርቱ ጦር ተመታ፤ እርሳቸውም ተማረኩ።

ጋኪ ሸሮቾ ዙፋን ላይ የወጡት በ1882 ዓ.ም. ሲሆን ጦሩ ወደ እርሳቸው በመጣ ጊዜ ሁለቱም ምሳሌዎች ከደጃቸው ነበሩ። ጅማን በጐጀብ ማዶ ያዩታል፤ የወላይታን ወሬም ከነጋዴ ይሰሙታል። የመረጡት የጦናን መንገድ ነው። ብልህ ነበሩ ወይስ ግትር ብሎ ለመፍረድ ለእኛ በወንበር ላይ ተቀምጠን ለምንጽፈው ቀላል ነው። እርሳቸው ግን አያት ቅድመ አያቶቻቸው አምስት መቶ ዓመት የያዙትን በር ከፍተው ለመስጠት እሺ አላሉም።

ከዐድዋ ድል በኋላ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨመረ። እንግሊዞች ከምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ሰሜን እየገፉ ነበር። ዐፄ ምኒልክ የግዛታቸውን ወሰን እስከ ሩዶልፍ፥ ማለት ዛሬ ቱርካና እስከሚባለው ሐይቅ ድረስ ለማድረስ ይፈልጉ ስለ ነበር ካፋ በመንገዱ ላይ ሳይገበር ሊቀር አልቻለም። አውሮፓውያን አፍሪካን በካርታ ላይ ሲካፈሉ አንድ ትንሽ መንግሥት በመካከል ለብቻው ቆሞ የሚቀርበት ዘመን አልፎ ነበር። የካፋ ዕጣ የተወሰነው በካፋ ደን ውስጥ ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባ፥ በለንደንና በሮማም ጭምር ነበር ብንል አልተሳሳትንም።

ዘጠኝ ወር በደን ውስጥ

በ1889 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ካፋን ከየአቅጣጫው ገጠመው። የጦሩ አለቆች ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ፥ ደጃዝማች ተሰማ ናደውና ደጃዝማች ደምሰው ነሲቡ ነበሩ። የጅማው አባ ጅፋርም በጐረቤትነታቸው መንገዱን የሚያውቅ ሠራዊት ይዘው ረዱ። ይህ ሠራዊት ባለፈው ዓመት በዐድዋ የአውሮፓን ጦር ያሸነፈው ሠራዊት ነበር። ጠመንጃው በሺህ የሚቈጠር ነው። የካፋ ሰው የታጠቀው ግን አብዛኛው ጦርና ጋሻ ነበር፤ ጠመንጃ ያለው በጣም ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለው ጦርነት በሳምንት ያልቃል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። አላለቀም። ጉድባው ተሻገሩት፥ በሮቹም ተሰበሩ፥ አንደራቻም ተያዘ። ንጉሡ ግን አልተገኙም። ታቶ ጋኪ ከደን ወደ ደን፥ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ እየተዘዋወሩ ዘጠኝ ወር ያህል ተዋጉ፥ ተሸሸጉም። አሳዳጆቹ በሄዱበት ሁሉ እህሉን ነቀሉ፥ ጐጆውን አቃጠሉ፥ ሰዉን ማረኩ። ይህ ሁሉ ሲሆን የካፋ ገበሬ ንጉሡ ያሉበትን ዝም ብሎ አለመናገሩ ከጦርና ከጋሻው የበለጠ መሣሪያ ሆኖ ነበር።

በመጨረሻ በ1890 ዓ.ም. መባቻ፥ በአዲሱ ዓመት ሰሞን፥ ንጉሡ ተያዙ። አገሩ በሞላ ዕንቍጣጣሽ ሲል የካፋ መንግሥት ያበቃው በዚያ ሳምንት ነበር። ንጉሥ በብረት አይታሰርም ተብሎ በብር ሰንሰለት ታስረው ሄዱ ይባላል። ሰንሰለቱ የብር መሆኑ ለክብራቸው ነበር፤ ሰንሰለት መሆኑ ግን አልቀረም።

ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የካፋ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ወዲያውም ወደ ደቡብ ገፍተው በዚያው በ1890 ዓ.ም. ሩዶልፍ ሐይቅ ደረሱ። ከእርሳቸው ጋር የሄደው አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ የሩሲያ መኰንን በካፋ ሲያልፍ የጦርነቱን ጉዳት በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። የተጻፈው ከአሸናፊው ሠራዊት ጋር በተጓዘ ሰው እጅ ስለሆነ ለተሸናፊው አድልቷል ሊባል አይችልም።

ዘውዱ ወዴት ሄደ?

ከንጉሡ ጋር የካፋ ዘውድም ተማረከ። ይህ ዘውድ ለካፋ ሰው እንዲያው የወርቅ ጌጥ አልነበረም። የመንግሥቱ ነፍስ በእርሱ ላይ ያደረ ይመስለው ነበር። ዘውዱ በአገሩ እስካለ ድረስ ካፋ ተስፋ አይቈርጥም፤ አንድ ቀን አንድ ሰው አንሥቶ ራሱ ላይ ሊደፋው ይችላል። ዐፄ ምኒልክም ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። ስለዚህ ዘውዱ በአማካሪያቸው በስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ እጅ ከኢትዮጵያ ወጥቶ ወደ ስዊትዘርላንድ ተወሰደ። ከብዙ ዘመን በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል።

ይህን ነገር ቆም ብለን ብናስበው ያስገርማል። ሠላሳ ቀን መንገድ የሚሄድ ሠራዊት ያሸነፈው ሕዝብ፥ ንጉሡ ታስሮ፥ ዋና ከተማው ፈርሶ ሳለ አንድ ዘውድ ብቻ እንዲህ አስፈርቶ ባሕር እስኪሻገር ድረስ ተሰደደ። አሸናፊው ራሱ የተሸናፊው ነገር ገና ያላለቀ መሆኑን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ጋኪ ሸሮቾ በግዞት ሃያ ዓመት ከዚያም በላይ ኖሩ። የማረኳቸው ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከጊዜ በኋላ በጎንደር ንጉሥ ተብለው በ1910 ዓ.ም. ሞቱ። ምርኮኛውም ንጉሥ ከእርሳቸው በኋላ አንድ ዓመት ያህል ቈይተው በ1911 ዓ.ም. ግድም ዐረፉ። ማራኪው ዘውድ ጭኖ፥ የተማረከው ዘውዱን አጥቶ ሁለቱም በአንድ ዘመን ወደ አንድ ቤት ሄዱ። የካፋ መሬት ግን በሁለቱም እጅ አልቀረችም።

ሕዝቡ የከፈለው

የንጉሡ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የሕዝቡ ታሪክ ግን ከዚህ ይጀምራል። ከጦርነቱ በኋላ የካፋ ገበሬ ገባር ሆነ። ለተመደበበት ወታደር ያርሳል፥ ይፈጫል፥ ማር ያገባል፥ እንጨት ይሸከማል። የገዛ አገሩ ዳኛ በሌላ ቋንቋ ይፈርድበታል፤ ክርክሩንም በአስተርጓሚ ያቀርባል። ከሁሉም የከፋው የባሪያ ፈንጋዩ ነገር ነው። ድንበር ጠባቂው ጉድባ ከተደፈነ፥ በር ጠባቂውም ከተበተነ በኋላ ካፋና ከካፋ ወዲያ ያለው አገር ለባሪያ ነጋዴ የተገለጠ ሜዳ ሆነ። ትናንት ባሪያ ይሸጥ የነበረው የባላባቱ ልጅ ዛሬ ራሱ ተሽጦ ጐጀብን ተሻገረ። ብዙ መንደር ከሰው ተራቆተ፤ የታረሰ መሬት ተመልሶ ደን ለበሰ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን እንድታስቀር የገባችው ቃል፥ በኋላም በ1934 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ይህን ንግድ እያዳከመ ሄዶ አጠፋው። የሄዱት ግን አልተመለሱም።

በ1897 ዓ.ም. ፍሪድሪሽ ዩልየስ ቢበር የተባለ የኦስትሪያ ሰው ካፋ መጥቶ ነበር። የድሮውን መንግሥት ከሚያስታውሱ ሰዎች እየጠየቀ የሰበሰበውን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1920 እና በ1923 በሁለት ጥራዝ በጀርመንኛ አሳተመው። ስለ ካፋ ሥርዓት፥ ስለ ሚክረቾ፥ ስለ ነገሥታቱ ተራ ዛሬ ከምናውቀው ብዙው ከዚህ መጽሐፍ የተገኘ ነው። የካፋ ልጅ ስለ አባቶቹ መንግሥት ለማንበብ በጀርመንኛ የታተመ መጽሐፍ መፈለጉ ነጻነትን ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ ነው።

ስሙም ቢሆን ሌላ ዕድል ደረሰው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገሩ በጠቅላይ ግዛት ሲከፋፈል «ካፋ ጠቅላይ ግዛት» የሚባል ሰፊ ግዛት ተቋቋመ። የዚህ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ግን ቦንጋ ሳትሆን ጅማ ነበረች። እንግዲህ የካፋ ስም ጐጀብን ተሻግሮ ሰፋ፤ ካፋ ራሱ ግን በስሙ ከሚጠራው ግዛት ዳር ላይ ቀረ። የካፋ ሰው ለአቤቱታ የሚሄደው ድሮ አያቶቹ ያለ ፈቃድ እንዳይሻገር ይከለክሉት ወደ ነበረው አገር ነው።

ገባርነቱን ከሥሩ የነቀለው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፋ ውስጥ አንድ ገበሬ በያዘው መሬት የሌላ ሰው ጭሰኛ ሆኖ የሚኖርበት ሕግ ቀረ። ይህም የመጣው ለካፋ ብቻ ተብሎ አልነበረም፤ ለአገሩ ገበሬ ሁሉ የመጣ ነበር። ሆኖም በ1889 ዓ.ም. በጠመንጃ ከተወሰደው ነገር መጀመሪያ የተመለሰው ይኸው ነው ቢባል እውነት ነው። መሬቱን ተከትሎ ሌሎች ችግሮች እንደ መጡም የማይካድ ነው።

የተመለሰው ምንድን ነው?

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ በአብዛኛው ያስታውሰዋል። በ1984 ዓ.ም. በወጣው የክልሎች አከፋፈል ካፋና ጐረቤቶቹ «ክልል 11» ተብለው ነበር። ብዙም ሳይቈይ ከሌሎች አራት ክልሎች ጋር ተቀላቅለው የደቡብ ክልል ሆኑ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በቦንጋ ተመሠረተ። በተራ ቍጥርም የአገሪቱ 11ኛ ክልል ሆነ። ቍጥሩ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

በዚህ ክልል ካፋ ብቻውን አይደለም። ሸካ፥ ቤንች ሸኮ፥ ዳውሮ፥ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ አብረውት አሉ። ዋና ከተማም አንድ ብቻ እንዳይሆን ተብሎ ለቦንጋ፥ ለሚዛን አማን፥ ለተርጫና ለቴፒ ተከፋፍሏል፤ የአስተዳደሩ መቀመጫ ግን ቦንጋ ሆናለች። ይህን ሲያይ አንድ ሰው «እንግዲህ የካፋ መንግሥት ተመለሰ» ሊል ይችላል። አልተመለሰም። ታቶ የለም፤ ጉድባውም የለም፤ ከበሩ ላይ ቆሞ «ማን ነህ፥ ከየት መጣህ» የሚል ዘበኛም የለም። ደግሞም እንዲመለስ የሚፈልገው ሰው ቢኖር እንኳ ከጐረቤቶቹ አንዱ ይቃወመዋል፤ የድሮው ካፋ ራሱ ሌሎችን አስገብሮ ይገዛ ነበርና።

ታዲያ የተመለሰው ምንድን ነው? እኛ ባየነው የተመለሱት ነገሮች ከዘውድ ያነሱ ይመስላሉ፤ ሲመረመሩ ግን ከዘውድ ይበልጣሉ። አንደኛው ቋንቋው ነው። ካፊኖኖ ዛሬ በላቲን ፊደል ተጽፎ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማሩበታል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የካፋ ተወላጅ ከ8 መቶ ሺህ በላይ ነበር። አያቱ በችሎት አስተርጓሚ ሲለምን የኖረ ልጅ ዛሬ ሒሳብን በእናቱ አፍ ይማራል። ይህን የሚያህል ነገር የትኛውም የወርቅ ዘውድ አያስገኝም።

ሁለተኛው በዓሉ ነው። ማሽቃሬ ባሮ የሚባለው የካፋ የዘመን መለወጫ ለብዙ ዘመን ተዳክሞ ከቈየ በኋላ በቅርብ ዓመታት በቦንጋ በአደባባይ መከበር ጀምሯል። በዓሉ የሚውለው በመስከረም ነው። ከላይ እንዳልነው ታቶ ጋኪ የተያዙት በአዲሱ ዓመት ሰሞን ነበር። መንግሥቱ ያበቃበት ወር የመሰባሰቢያ ወር ሆኖ መምጣቱን ማንም ቍጭ ብሎ አላቀደውም፤ ነገር ግን ጊዜ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፍርድ ይፈርዳል።

ሦስተኛው ደኑ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ንጉሡን ዘጠኝ ወር የሸሸገው ደን በ2002 ዓ.ም. የዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዘገበ። ስፋቱ 760 ሺህ ሔክታር ያህል ነው። በውስጡ ቡና ሰው ሳይተክለው በቅሎ፥ ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያድጋል። የካፋ ሰው ጫካውን በዝምታ ሲጠቀምበት አልኖረም። ኮቦ በሚባለው ልማድ ይህ የጫካ ክፍል የእገሌ ቤተ ሰብ ማር መስቀያ፥ ያኛው የእገሌ ቡና መልቀሚያ እየተባለ በደንብ ተከፋፍሎ ይጠበቅ ነበር። ጉድባው ቢደፈን፥ በሩ ቢሰበር ይህ የጫካ ሕግ ከቤት ወደ ቤት ሲወርድ ኖረ። መንግሥቱ ሲወድቅ ያልወደቀው ክፍል ይኸው ነበር።

እዚህም ላይ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ደኑ በእርሻና በሰፋፊ የሻይና የቡና ተክል እየሳሳ ነው። በ1889 ዓ.ም. የመጣውን ሠራዊት ያደከመው ደን መጥረቢያንና መጋዝን ግን ብቻውን አይችልም። የካፋ ሰው ነጻነቱን ጠበቀ ወይስ አልጠበቀም የሚለው ጥያቄ ወደ ፊት የሚመለሰው በሸንጎ ብቻ ሳይሆን በዚህ ጫካ ውስጥም ነው።

የበሩ ጠባቂዎች

አሁን ከላይ ቃል ወደ ገባንበት ወደ ማንጆዎች እንመለስ። እነዚህ ሰዎች በካፋ መንግሥት ዘመን አዳኞች፥ የደን ሰዎችና የአገር በር ጠባቂዎች ነበሩ። የመጣውን እንግዳ መጀመሪያ የሚያዩት እነርሱ ናቸው፤ ጠላት ሲመጣም መጀመሪያ የሚሞቱት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን በሩን የሚጠብቁለት ሕዝብ ከእነርሱ ጋር አብሮ አይበላም፥ ከቤቱም አያስገባቸውም፥ በጋብቻም አይቀላቀላቸውም ነበር።

መንግሥቱ ወደቀ፤ ይህ ንቀት ግን አልወደቀም። ገባርነት ተሻረ፤ ይህ ንቀት ግን በብዙ ቀበሌ ቈየ። በ1994 ዓ.ም. የማንጆዎች ብሶት ገንፍሎ በዞኑ ውስጥ ደም እስከ መፍሰስ ደርሶ ነበር። የሚጠይቁት ነገር ዘውድም ክልልም አልነበረም። ከጐረቤታቸው ጋር በአንድ ገበታ መቀመጥን፥ ልጃቸው ከሌላው ልጅ ጋር በአንድ ወንበር መማሩን ነበር የሚጠይቁት። ዛሬ ትምህርት ቤቱና አብያተ ክርስቲያናቱ በዚህ በኩል ብዙ ሠርተዋል፤ የቀረውም ገና ብዙ ነው።

እንግዲህ ስለ ካፋ ነጻነት የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያነሣ ቢያልፍ ግማሹን ብቻ መጻፉ ነው። አንድ ሕዝብ «ናቁኝ፥ ቋንቋዬን ነጠቁኝ፥ በገዛ አገሬ ባይተዋር አደረጉኝ» ብሎ መቶ ዓመት ካዘነ በኋላ በገዛ ደጁ ያለውን የተናቀ ሰው ካላየ ኀዘኑ ምን አስተማረው? ከሌላው ያገኘውን መብት ለጐረቤቱ ሲከለክል የነጻነትን ትርጕም አላወቀውም ማለት ነው።

ዘውዱ ከስዊትዘርላንድ ተመልሷል። ቀለበቱ ግን፥ ታሪኩ እውነት ከሆነ፥ ዛሬም በጐጀብ አሸዋ ውስጥ ነው፤ እዚያው ቢቀር ምንም አይጐዳም። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄደው መኪና በየቀኑ በላዩ ያልፋል። በውስጡ ነጋዴ፥ ተማሪ፥ ቡና ሻጭ፥ የመንግሥት ሠራተኛ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል፤ ካፋዊው፥ ኦሮሞው፥ አማራው፥ ዳውሮው፥ ምናልባትም የማንጆው ልጅ። ከድልድዩ ማዶ «ወዴት ነው?» ብሎ የሚያቆማቸው የለም። በሩ ክፍት ነው። ካፋ ያጣውን ሁሉ ባያስመልስም፥ ይህ በር ለሁሉም እኩል ክፍት ሆኖ ከቈየ የሸሸገውን ንጉሥ አሳልፎ ያልሰጠ ሕዝብ ልጆች ከአባቶቻቸው የተሻለ አገር ይዘዋል ማለት ይቻላል።